ለተሰበረው ሉሄ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ዶክተር ፈንታሁን
የኮሌጃችን የተማሪዎች ጉዳይ ዲን፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከባለፈው ወር ወዲህ ደግሞ እንጨት ሰባሪ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ስለ አንድ ጥፊ፣ ስለ ስድስት ዱላና ስለ አንድ ዓመት እገዳ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ከረማችሁ እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ዝቅ ስል ጎኔን ስለሚያመኝ ግን ዝቅ ያልኩት በሐሳብ ብቻ መሆኑን ይረዱልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? የቀኝ እጅዎ አውራ ጣት ዳነልዎ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ግራ ጆሮዬ አልፎ አልፎ ጣቢያ እንደጠፋው ሬዲዮ ከመጮሁ በቀር ደህና ነኝ።

ይህ ደብዳቤ በግቢው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሲያገኙት ቅር እንዳይልዎ። ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ለሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሲያገለግሉ በዓይኔ ስላየሁ፣ አራተኛው ቢያንስ ብርጭቆ የማይቆምበት ቦታ ይሁን ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያሰብኩት ደብዳቤ መጻፍ አልነበረም። ያሰብኩት የቢሮዎን መስኮት በድንጋይ ማውረድ፣ ከዚያም ያንን የሚሽከረከር ወንበርዎን በመስኮቱ ወደ ውጭ መወርወር ነበር፤ እርስዎ እንደተቀመጡበት ይሁን ወይስ ከተነሡ በኋላ የሚለውን ገና አልወሰንኩም ነበር። ድንጋዩንም ከቦርከና ወንዝ ዳር ለእጄ የሚመቸውን መርጬ እስከ ግቢው አጥር ድረስ ይዤው መጥቻለሁ። ነገር ግን በልጅነቴ ቁርዓን ያቀሩኝ ሸህ አብዱልባሲጥ «የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ ይቀመጥ» ይሉን ስለነበር አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ በመቀመጤ ቁጣው አልወጣልኝም፣ ከቦርሳዬ እስክሪብቶ ግን ወጣ። እድለኛ ሰው ነዎት።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ፋኢዛ እንድሪስ እባላለሁ። የኩታበር ገበሬ ልጅና የፋርማሲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ወይም ነበርኩ፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው የኮሌጁ ቦርድ ይግባኜን በሚሰማበት በመጪው ሰኞ ነው። አምና ማንም ሳይሞትብኝና ማንም ሳይከዳኝ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ጦርነቱ ከተሞቻችን ውስጥ በገባበት ዓመት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም ነበር፤ ዓመታት አልፈው አገር ሲረጋጋ የኔ ተራ የደረሰ ይመስለኛል። እርስዎ «ምን ጎድሎሽ ነው የተከፋሽ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ የጎደለኝን ባውቀው ኖሮ ከሱቅ ገዝቼው እገላገል ነበር።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ እየሩስ ናት እጄን ጎትታ ደሴ ወዳለ ሆስፒታል የወሰደችኝ። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ሲስተር ወርቅነሽ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጡኝ፣ ሐኪሙም ሰርትራሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት አዘዘልኝ። በስድስተኛው ሳምንት ተነሥቼ ፀጉሬን ታጠብኩ፤ እየሩስ ይህን አይታ ፎጣውን እንደያዘች አለቀሰች። አእምሮዬ ግን ከሰውነቴ ጋር አብሮ አልተነሣም። አንዱን መስመር አሥራ አንድ ጊዜ አንብቤ በአሥራ ሁለተኛው ጊዜ አዲስ ይሆንብኛል። ሻይ ላይ ጨው ጨምሬ እስኪያልቅ ጠጥቻለሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እመለሳለሁ ብዬ በሌላ አቅጣጫ የሚሄደው የገራዶ መኪና ውስጥ ገብቼ፣ ገራዶ ደርሼ «እዚህ ምን ልሠራ መጣሁ?» ብዬ ሾፌሩን ጠይቄያለሁ፤ እሱም «ወላሂ እኔም መንገዱን ሙሉ ሳስበው ነበር፣ እህት» አለኝ። ሲስተር ወርቅነሽ ይህን ስነግራቸው ግማሹ የበሽታው ቅሪት፣ ግማሹም የመድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል ከገለጹልኝ በኋላ፣ «አብሽሪ፣ ሰውነትሽ ቀድሞ ተነሥቷል፣ ሐሳብሽ ደግሞ ከኋላ በእግሩ እየመጣ ነው፤ እስኪደርስልሽ በትንሽ በትንሹ አጉርሺው፣ ክኒኑን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ» አሉኝ።

እንዴት እንደማጎርሰው ያወቅሁት ለእረፍት ኩታበር በሄድኩ ጊዜ ነው። ጎረቤቱ ጅን ነው ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላሳፈረኝም፣ አለ። አንድ ዘመዳችንማ ልምጭ ቆርጦ፣ ቅጠሉን መልምሎ፣ ጅኑን ሊያስወጣልኝ ደጃችን ድረስ መጣ። ሸህ አብዱልባሲጥ ከነመቁጠሪያቸው በሩ ላይ ቆመው፣ «በሽታን ያወረደ አላህ መድኃኒቱንም አውርዷል፤ ልጄ ክኒንሽን ዋጪ፤ እሷን የሚመታ ካለ መጀመሪያ በኔ ጀርባ ይጀምር» አሉት፤ ሰውየውም ልምጩን ለላሙ ይዞ ተመለሰ። ይህን የምጽፍልዎ ሸህ አብዱልባሲጥ ከቁርዓን ቤት ሌላ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ መሆናቸውን ለማስታወስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የልጅነቴን ሉህ ከተሰቀለበት አውርደው ሰጡኝ።

ሉህ እጀታ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። በጥቀርሻ ቀለም በተነከረ ቀሰም ይጻፍበታል፣ የተጻፈው በቃል እስኪያዝ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ለሚያቀራው ሰው በቃል ይባላል፣ ከዚያ በኋላ በውሃ ይታጠባል። ያልተያዘ አይታጠብም፣ ባልታጠበ ላይም አይጻፍም። ሉህ ስልክ አይደወልበትም፣ የሚገለጥ ሌላ ገጽም የለውም፤ ለተበተነ አእምሮ ከዚህ የተሻለ በረት አላውቅም። የትምህርት ቤት ነገር ልጻፍበት ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «ዕውቀት ሁሉ የሱ ነው፤ ብቻ ያጠብሽበት ውሃ እግር የማይረግጠው ቦታ ይፍሰስ» ብለው ፈቀዱልኝ።

ስለዚህ የመድኃኒት ስሞችን ከነመጠናቸው፣ ከነጉዳታቸው በሉህ ላይ እየጻፍኩ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዝኩ፣ እንደ ቁርዓን ልጅ እየጮህኩ መያዝ ጀመርኩ። እየሩስ አቅሪዬ ሆና ማተቧን በጣቷ እያሻሸች «ድገሚው፣ ሁለተኛውን ዘለልሽው» ትለኝ ነበር። ያጠብኩበትን ውሃ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ያለችው የዘይቱን ዛፍ ሥር አፈስ ስለነበር፣ ዛፏም ከእኔ ጋር ፋርማኮሎጂ ተምራለች። ከሃያው አራት ብቻ የነበረው ውጤቴ ከሃያው አሥራ ስድስት ሆነ። የተጻፈው ከታጠበ በኋላ እንኳ ጣቴን በባዶው እንጨት ላይ ሳስኬድ መስመሩ ወደ ቦታው ስለሚመለስልኝ፣ ባዶውን ሉህ ፈተና ክፍል ይዤ እንድገባ ከሆስፒታሉ ማስረጃ ጋር አያይዤ ማመልከቻ አስገባሁ። ከላይ የጠቀስኩት አንደኛው የብርጭቆ ማስቀመጫ ያ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ትኩረቴ እንዳይበተንብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

1ኛ. የፋርማኮሎጂ ፈተና ተቆጣጣሪ የነበሩት መምህር እንየው፣ ጣቴ በባዶ እንጨት ላይ ሲሄድና ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ባዩ ጊዜ እኔን በመጠየቅ ፈንታ ለእርስዎ ደወሉ፤ እርስዎም ማመልከቻዬ በአራት ወር ያልሄደውን መንገድ በአምስት ደቂቃ ጨርሰው በመድረስዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በእንጨቱ ላይ የማይታይ ቀለም አለ ብለው በመጠርጠር ያደረጉት ምርምር ለኮሌጃችን ኩራት ነው። መጀመሪያ ወደ መስኮት ይዘው ወደ ፀሐይ አዩት። ቀጥለው በስልክዎ መብራት አዩት። ውሃ ረጩበት። ከመመገቢያ አዳራሽ ሎሚ አስመጥተው ጨመቁበት፤ በመጨረሻም በላይተር ለበለቡት። አርባ ስድስት ተማሪዎች ፈተናቸውን አቁመው ይህን የሳይንስ ሥራ ተከታተሉ። ሉሁ ግን አንድም ፊደል አልተናገረም፤ ምክንያቱም የሚፈልጉት ጽሑፍ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ነበርኩ፤ መልሱን አውቀው ነበር፣ ዛሬም አውቀዋለሁ።

2ኛ. ከእንጨቱ መልስ ሲያጡ ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ዘረገፉትና የመድኃኒቴን እሽግ አንሥተው ለክፍሉ ሁሉ እያሳዩ ሐሺሽ መሆኑን አበሠሩ። እኔ እንደ ፋርማሲ ተማሪነቴ ሰርትራሊን መሆኑን፣ የሐኪም ማዘዣውም እዚያው ከእግርዎ ሥር የወደቀው ወረቀት መሆኑን በትሕትና ባስረዳ፣ «እዚህ ቤት ዶክተሩ እኔ ነኝ!» ብለው በጥፊ መቱኝ። ዶክትሬትዎ የሥራ አመራር እንደሆነ አውቃለሁ፣ መምራትዎንም በጆሮዬ አረጋግጫለሁ። ጥፊ በመድኃኒት መዝገባችን ውስጥ ስላልተካተተ ከተሞክሮዬ ተነሥቼ ላስመዝግብልዎ፦ የሚሰጠው በጆሮ ነው፣ ሥራ የሚጀምረው ወዲያውኑ ነው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ፉጨት ነው፣ የሚያድነው በሽታ ግን እስካሁን አልተገኘለትም።

3ኛ. ሉሁን በሁለት እጄ አቅፌ አለቅም ባልኩ ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛውን አቶ ከሊድን ጠርተው፣ አስለቅቆ እንዲሰብረው አዘዙት። አቶ ከሊድ ትእዛዝ አክባሪ ሰው ነው። ሁለቱን ትከሻዬ ላይ፣ ሦስቱን ጎኔ ላይ፣ አንዱን ክርኔ ላይ አሳረፈ፤ በስድስተኛው እጄ ዝሎ ሉሁ ወደቀ። አንሥቶ ሊሰብረው ጉልበቱ ላይ ካደረገው በኋላ እጀታውን አየ፣ በልጅነቴ ያሰርኩለትን ገመድ አየና ቆመ። ሉሁን ግንባሩ ላይ አስነክቶ፣ «ወላሂ ዶክተር፣ ልጅቷን ምታ ካሉኝ እመታለሁ፤ ሉህ ግን አልሰብርም፤ እኔም አሊፍ ባ ያልኩበት ነው» አለዎት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ወለሉ ላይ ተኝቼ ነው የሰማሁት፤ ጎኔ ከድቶኝ ባይሆን ኖሮ ተነሥቼ አንቀው ነበር። እንጨቱ የአላህ ቃል ስለተጻፈበት አይነካም፤ እኔ ላይ ምን እንደተጻፈ ግን ማንም አላነበበም። እርስዎ ግን እንዲህ ያለ መወላወል የሌለብዎ ሰው ስለሆኑ ሉሁን ከእጁ መንጭቀው በብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፉት። አልሰበርም አለዎት። ደገሙት፣ አልሰበርም አለዎት። በሦስተኛው ጮኾ ሲሰነጠቅ የሚበቃዎ መስሎኝ ነበር፤ ስባሪውን ይዘው ወደኔ ሲያጎነብሱ ግን እጅዎ ከአፌ አጠገብ ሆነ።

አዎ፣ ነክሻለሁ። በይግባኜ ላይም አልካድኩትም። ጥርሴ አጥንት ሲነካ፣ ዓመት ሙሉ ተበትኖ የነበረው ሐሳቤ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ተሰማኝ፤ እንደዚያች ደቂቃ በአንድ ነገር ላይ አተኩሬ አላውቅም። መምህር እንየውና ሁለት ተማሪዎች መንጋጋዬን ባያላቅቁት ኖሮ አውራ ጣትዎ ዛሬ ከኔ ጋር ኩታበር ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ሲስተር ወርቅነሽን ባማክራቸው፣ እንደ ሕክምና የማይመከር መሆኑን አጥብቀው ነግረውኛል።

4ኛ. አራተኛው ጠፋኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያው የትኩረት ነገር ነው። ሲመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

5ኛ. የዲሲፕሊን ኮሚቴው ውሳኔ በሦስተኛው ቀን ተጽፎ ስለደረሰኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቶቼ ያልተፈቀደ ቁስ ማስገባት፣ አደንዛዥ ነገር መያዝና ዲን መንከስ ሲሆኑ ቅጣቱ የአንድ ዓመት እገዳ ነው። በወረቀቱ ላይ የከሳሽ ስም ዶክተር ፈንታሁን፣ የምስክር ስም ዶክተር ፈንታሁን፣ የሰብሳቢ ስም ዶክተር ፈንታሁን ይላል፤ በተሰፋ ጣት ሦስት ቦታ መፈረም ምን ያህል እንደሚያም ስለምገምት ጽናትዎን አደንቃለሁ። የመውጫ ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። እርስዎ ዓመት ሲሉ የቀን መቁጠሪያ ይታይዎታል፤ ለኔ ዓመት ማለት ያ አልጋ ነው። እንዴት እንደገባሁበት አላውቅም፣ እንዴት እንደወጣሁ ግን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛ ከገባሁ እንደምወጣ እርግጠኛ አይደለሁም። የምለምነው ዲግሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልጮህም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ አንድ መስመር በአንድ መስመር የሰበሰብኩትን አእምሮዬን ነው በፊርማ የበተኑብኝ።

6ኛ. ክኒኖቼን ኤግዚቢት ብለው በካዝናዎ ስለቆለፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ሌባ አልነካቸውም። እየሩስ ደሴ ሄዳ ሆስፒታሉን አስረድታ ሌላ እስክታመጣልኝ ዘጠኝ ቀን ያለ መድኃኒት ቆየሁ። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ራስን እንደሚያዞር፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ ያህል እንደሚሰማ፣ ሰውን ነጭናጫ እንደሚያደርግ በሉሄ ላይ ጽፌ፣ ይዤ፣ አጥቤው ነበር፤ እርስዎ ደግሞ በተግባር አስተማሩኝ። በአምስተኛው ቀን የቁም ሳጥኑን በር በርግጫ ገነጠልኩት። በሰባተኛው ቀን እየሩስ «ትንሽ ቅመሺ እንጂ፣ ሞትሽብኝ እኮ» ስላለችኝ ብቻ ፔርሙዙን ወረወርኩባት፤ ከጆሮዋ አንድ ስንዝር አልፎ ግድግዳው ላይ ፈነዳ። ሙቅ ውሃው አንገቷን ነካት። እሷ ስብርባሪውን እየለቀመች «ቀጥይ፣ ብርጭቆም አለ» አለችኝ፤ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን። በዚህች አገር ያዳነችኝን ሰው ልፈነክት ምንም አልቀረኝም ነበር። የእርስዎ ጥፊ እኔ ጆሮ ላይ እንዳላቆመ፣ በእኔ በኩል ዞሮ ወደ እየሩስ ጆሮ እየሄደ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በዚህ አፍሬያለሁ፤ ከምስጋናዬ ሁሉ የማልቀልድበት ይኸኛው ነው።

እንግዲህ አራተኛው።

አራተኛውን አልረሳሁትም ነበር፤ መጻፍ አቅቶኝ ነው የዘለልኩት። ውሳኔው በተሰጠ በሳምንቱ ቢሮዎ ለአባቴ ደውሎ ልጁን እንዲወስድ አዘዘው። አባቴ እንድሪስ በሕይወቱ አንድ ቀን ኮሌጅ ሊገባ ነውና የዒድ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ከኩታበር በሌሊት ተነሥቶ፣ ማለዳ በሩ ላይ ደረሰ። ከማለዳ እስከ አስር ሰዓት ድረስ ቆሞ ጠበቀዎት፤ ዝሁርን እዚያው አጥር ሥር ሰገደ። እርስዎ በመኪና ሲወጡ መስኮቱን በግማሽ ከፍተው፣ «ልጅዎ አብዳለች፤ ሰው ሳትጨርስ ወስዳችሁ እሰሯት» አሉት። አባቴ ቆቡን አውልቆ፣ የመኪናውን በር በሁለት እጁ ይዞ፣ «የኔ ጌታ፣ ለእሷ የመጣው ቅጣት በኔ ይሁን፤ በአላህ ይሁንብዎት» እያለ አጎነበሰ። አባቴ ለስግደት ካልሆነ በቀር ለማንም ሲያጎነብስ አይቼ አላውቅም። መስኮቱ ተዘጋ፣ መኪናው ተነሣ፣ አባቴም በሩን ገና አልለቀቀም ነበርና ተጎትቶ በጉልበቱ ወደቀ። ጀለቢያው ከጉልበቱ ላይ ተቀደደ፣ ደሙ በነጩ ላይ ወጣ። መምጣቱን ሳላውቅ ውዬ፣ የመጨረሻውን ከመኝታ ቤታችን ሰገነት ላይ ሆኜ አየሁት፣ የተባለውን ኋላ ሰዎች ነገሩኝ፤ ደረጃውን ወርጄ እስክደርስ እርስዎ አስፋልት ወጥተው ነበር። ዶክተር፣ ጣትዎን የነከስኩት ከዚያ ቀን ቀድሜ መሆኑ ይቆጨኛል ብዬ ብጽፍ ሲስተር ወርቅነሽ ያዝኑብኛል፤ ስለዚህ አልጽፈውም።

አባቴን ያነሣው አቶ ከሊድ ነው። አነሣው፣ ቆቡን አራግፎ ሰጠው፣ ከዚያ ወደ ጥበቃ ቤቱ ገብቶ በራሱ ሽርጥ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ፤ ሁለቱን የሉህ ስባሪዎች ለቅሞ አኑሯቸው ኖሯል። ሲያስረክብ ቀና ብሎ አላየኝም፣ እኔም አላመሰገንኩትም፤ ጎኔ ገና አልፈቀደልኝም። አባቴ መኪና ውስጥ ጥቅልሉን ጭኑ ላይ አደረገው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንደርስ ዳሰስ አድርጎ «ይገጠማል» አለ። ኩታበር እንደገባ ጉልበቱን እንኳ ሳያጥብ ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ሚስማር መትቶ ገጠመው።

እንግዲህ የምለምንዎ ጥቂት ነው። እገዳው ተነሥቶ ያቋረጡብኝን ፈተና ከሰባተኛው ጥያቄ እንድቀጥልና በመውጫ ፈተናው እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ። የተቆለፉት ክኒኖች ይመለሱልኝ፤ ሐሺሽ አለመሆናቸውን እስካሁን ቀምሰው ካላረጋገጡ በስተቀር ቁጥራቸው አይጎድልም ብዬ አምናለሁ። በዚህ ግቢ ውስጥ ተመሳሳይ ክኒን በትራስ ሥር ደብቀው የሚውጡ ልጆች አሉ፤ ከዚያ ፈተና ወዲህ የበፊቱን ያህል እንኳ አይናገሩም፤ አንዷማ ክኒኗን ሽንት ቤት ደፍታዋለች። ለእነሱ ሲሉ የክኒን እሽግ ባዩ ቁጥር እጅዎን ወደ ኪስዎ ይክተቱልኝ። ለኔ የሚሰጡኝን ይቅርታ ለአባቴ ይስጡት፤ እሱም እንደ ልማዱ ቆሞ ይጠብቅዎታል።

እድሜና ጤና ከሙሉ አሥር ጣት ጋር እየተመኘሁልዎ፣ የዋሉልኝን ውለታ ግራ ጆሮዬ ባፏጨ ቁጥር የማስታውስ፣ ለዲንነትዎ ክብር ስል አጥር ሥር የተቀመጥኩ፣ ድንጋዩን ግን ገና ያልጣልኩ፣

አክባሪዎ
ፋኢዛ እንድሪስ
ፋርማሲ፣ የመጨረሻ ዓመት

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ቦርድ
ለሲስተር ወርቅነሽ፣ ደሴ (ስለ ድንጋዩ እንዳይጨነቁ፤ በር ማስደገፊያ ሆኗል)
ለአቶ ከሊድ፣ ጥበቃ ቤት
ለዘይቱኗ

ማስታወሻ፦ በተገጠመው ሉህ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ፋርማኮሎጂ አልነበረም። እርስዎ ራስዎ ፈርመው ያወጡትን የተማሪዎች ዲሲፕሊን መመሪያ ነበር፤ ሠላሳ አንዱን አንቀጽ አንድ በአንድ ጻፍኩ፣ ያዝኩ፣ ለእየሩስ በስልክ አሰማሁ፣ አጠብኩ። ትኩረት የሌላት ልጅ ነኝና አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንዱ አንቀጽ ስንጥቁ ላይ እየወደቀ፣ ቀለሙ እየሰረገብኝ ስምንት ጊዜ አስጻፈኝ፦ አሥራ ዘጠነኛው፣ ንዑስ ቁጥር ሦስት፣ በጉዳዩ ከሳሽ ወይም ምስክር የሆነ ሰው በሰብሳቢነት ከተቀመጠ ውሳኔው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል ይላል። ሰኞ ቦርዱ ፊት ያለ ምንም ወረቀት በቃሌ አሰማቸዋለሁ። ሉሁንም ባዶውን ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎ ሎሚ ይዘው ይምጡ።